ሳልወልድ ያጠባሁበት ዓመት

እህቴ ሞሴሌ የሞተችው ከብቱ ሁሉ ባለቀበት ዓመት ነው። ቀኑ ሚስዮኖቹ ዘንድ ተጽፏል ይላሉ፤ እኔ ሄጄ አልጠየቅሁም። ማሽላው ገና አረንጓዴ ነበር። ደስታ የሚሉት የከብት በሽታ ከሜዳው ወጥቶ እኛ ተራራ ላይ ከደረሰ ሁለት ወር አልሞላውም፤ ያባቴ በረት ግን ባዶውን ቀርቷል። አባቴም ወንዱም ሁሉ በየበረቱ አጠገብ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ተቀምጦ ይውላል። ምን እንደሚጠብቅ እሱም አያውቅም።

ሞሴሌ በወለደች በሦስተኛው ሳምንት ትኩሳት ያዛትና ሄደች። ባሏ ሞዬቲ ወርቅ ማውጫው አገር ነበር። የባሏ እናትም ቀድመዋት ሞተዋል። ስለዚህ ሕፃኗን ያመጡልን የሞዬቲ አባት ናቸው። ሽማግሌው በበግ ቆዳ ጠቅልለው፣ በፈረስ፣ አንድ እጃቸውን ከደረታቸው ሳያነሡ ያን ሁሉ ተራራ ወጡ። እናቴ ጭን ላይ አስቀመጧትና፣

«እሜ ማሞሴሌ፣ እኔ ጡት የለኝም» አሏት።

ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ተመለሱ።

እሜ በኛ ቋንቋ እናቴ ማለት ነው፤ እናቴን ሰው የሚጠራት በበኩር ልጇ ስም፣ የሞሴሌ እናት እየተባለች ነው። ልጇ ከሞተች በኋላም ሰላም የሚላት ሁሉ ማሞሴሌ፣ ማሞሴሌ ይላት ነበር። የሞተች ልጅን ስም በቀን አሥር ጊዜ መስማት ምን እንደሆነ እናንተው አስቡት። እሷ ግን አቤት ትላለች።

ለሕፃኗ ሊኬሌሊ የሚለውን ስም ያወጡላት እኒያው አያቷ ናቸው። እንባ ማለት ነው። ስም ለማውጣት ብዙ የደከሙ አይመስለኝም።

እኔ ሴሎዋኔ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ታጭቻለሁ። እጮኛዬ ሴያባታ ይባላል፤ ቤታቸው ከሸንተረሩ ማዶ ነው። አባቱ የሉም፣ ለእናቱ አንድ ነው። መልኩ የሚያስደነግጥ አልነበረም። የወደድኩት አነጋገሩን ነው። መጀመሪያ ያናገረኝ ምንጭ ላይ፣ እንስራዬን ሞልቼ ራሴ ላይ ሳወጣ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ውሃውን ጨረስሽው እኮ። ለኛ አታስቀሪም?» አለኝ።

«ቀድመህ አትነሳም ነበር?»

«እኔማ ከነጋ ጀምሮ እዚህ ነኝ። አንቺን ስጠብቅ ነው የዋልኩት።»

«ታዲያ እስክመጣ አትቀዳልኝም?»

ሳቀ። በማግስቱ እንስራ ሞልቶ ጠበቀኝ። ወንድ ልጅ ውሃ ሲቀዳ ያየው ሁሉ መሳቂያ አደረገው፤ ምንም አልመሰለውም። እኔም እንዲህ ያለ ሰው ሌላ አላገኝም ብዬ ያዝኩት።

ከብቱ ሲያልቅ ለጥሎሽ የሚሆን ነገር ፍለጋ እሱም ወደ ወርቁ አገር ወረደ። ማሽላው ሲታጨድ እመጣለሁ ብሎኝ ነው የሄደው። ሊኬሌሊ ወደ ቤታችን የመጣችው እሱ በሄደ በአሥረኛው ቀን ነው።

እናቴ ያልሞከረችው ነገር የለም። መጀመሪያ የራሷን ጡት ሰጠቻት። ሁለት ቀን ታግላ፣ «ተይው፣ እኔም እንደ በረታችን ነኝ» አለች። በመንደሩ የሚያጠቡ ሴቶች ሁለት ነበሩ። አንደኛዋ መንታ ታቅፋለች። ሌላዋ እናቷ በትኩሳት የሞተችባትን ልጅ ባጠባ ትኩሳቱ ለገዛ ልጄ ይተርፋል ብላ ፈራች። አልፈርድባትም። የፍየል ወተት ሰጠናት፤ አስቀመጣት። የማሽላ አጥሚት አቅጥነን በጨርቅ እየነከርን አፏ ውስጥ ጠብ አደረግን፤ ተፋችው። ጭኗ እንደ አውራ ጣቴ ቀጠነ። ለቅሶዋም ቀን በቀን እያነሰ መጣ። ያስፈራን እሱ ነው።

አንድ ቀን እናቴ የበረሃ ጎመን ልትለቅም ወጥታ ከልጅቷ ጋር ብቻችንን ቀረን። አልቅሳ አልቅሳ ድምጿ ሲዘጋ ጊዜ ጡቴን አጎረስኳት። ለማባበል ብዬ ነው እንጂ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ያዘችው። ያ የደከመ አፍ እንዲያ አድርጎ ይይዛል ብዬ አልጠረጠርኩም ነበር። ባዶውን እየጠባች አልለቅም አለች። እኔም አላስለቀቅኋትም።

እናቴ ጎመኗን ታቅፋ በሩ ላይ ደረሰች። የምትቆጣኝ መስሎኝ ልነሳ ስል፣

«አትነሺ» አለችኝ። «ሌላውንም ስጫት።»

«ባዶ እኮ ነው።»

«አሁን ባዶ ነው። በጦርነቱ ጊዜ አክስቴ እንዲህ አድርጋ አንድ ልጅ አሳድጋለች። እሷ አሮጊት ነበረች፤ አንቺ ወጣት ነሽ። ስጫት ብዬሻለሁ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ እሱ ብቻ ሆነ። ውሃ አልቀዳም፣ እንጨት አልሰብርም። እናቴ አጥሚት እያፈላች ሆዴ እስኪነፋ ታጠጣኛለች። ልጅቷ ትጠባለች፣ ምንም የለም፤ በጨርቅ እናጠጣታለን፣ እንደገና ትጠባለች። ጡቴ ቆስሎ ደማ። አንዳንዴ ጥርሴን ነክሼ የሴያባታን ቀልድ አስባለሁ፤ አንዳንዴ ደግሞ ሞሴሌን እሰድባታለሁ። ሙት አይሰደብም ይላሉ፤ እህቴ ስለሆነች ሰደብኳት። በሃያኛው ቀን ገደማ እናቴ ጡቴን ጫን አድርጋ ስታየው ነጭ ነገር ብቅ አለ። በጣቷ ነክታ ቀመሰችው።

«ወተት ነው» አለችና ብርድ ልብሷን ፊቷ ላይ ጣለች። ከልጇ ሞት ወዲህ ስታለቅስ ያን ጊዜ ነው ያየኋት።

ሊኬሌሊ አገገመች። ክንዷ ላይ እጥፋት አወጣች። መንደሩም ወሬ አገኘ። ከጎረቤቶቻችን አንዱ ባለፍኩ ቁጥር፣ «ከብት ባለቀበት አገር አንቺ ብቻ ትታለቢ ጀመር አሉ!» ይለኛል። «ና ታዲያ፣ ጥጃ ሁን» ስለው ሚስቱ ፊት አፈረ፤ ከዚያ ወዲህ ተወኝ። ቀልዱን እችለዋለሁ። ያልቻልኩት ሌላ ነው።

የሴያባታ እናት ማሴያባታ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ መጡ። ቀጭን፣ ረጅም፣ የሱረት ዕቃቸውን በገመድ ባንገታቸው የሚያንጠለጥሉ ሴት ናቸው። ሰላምታውን ሁሉ በወጉ ከጨረሱ በኋላ ሱረታቸውን ሳቡና አስነጠሱ። ሊኬሌሊ እቅፌ ውስጥ ተኝታለች።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ከወንድ ጋር ተኝተሻል አላልኩም።»

«አልተኛሁም፣ እሜ።»

«አውቃለሁ። አገር ያውቃል። እሱ ቢሆን ይሻል ነበር፤ እሱስ መላ አለው። ወተት ልጅን ተከትሎ ነው የሚመጣው። ያንቺ ልጁን ትቶ ቀድሞ መጣ። የራስሽን ልጅ ወተት ለሌላ አጠጥተሽ ስትጨርሺ፣ የኔ የልጅ ልጅ ምን ሊጠጣ ይመጣል? አይመጣም።»

እናቴ ከማዶ፣ «ማን ነው እንዲህ ያለሽ?» አለች።

«ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። አራት ወልጄ ሦስት ቀብሬያለሁ፣ ማሞሴሌ። ከማህፀን ጋር ቀልድ የለም።»

«እኔም ባለፈው ወር ቀብሬያለሁ።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ሰው ሳልልክ ራሴ የመጣሁት።» ወደኔ ዞሩ። «ዛሬውኑ ይድረቅ። ማሽላው ሲታጨድ በግ ይዘን እንመጣለን፣ እንደ ወጉ ሐሞቱን እናፈስብሻለን፣ ከዚህ ወተት ንጹሕ ትሆኛለሽ። ከዚያ ሠርጉ ይሆናል። ካልደረቀ ግን ልጄን አልሰጥሽም።»

«እሷስ?» አልኩ፣ ሕፃኗን እያሳየሁ።

ማሴያባታ አይተዋት ዓይናቸውን አነሡ። ክፉ ሴት ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። «እግዜር ያውቃል» ብለው ተነሡ።

ሊኬሌሊ ያኔ ከሁለት ወር ብዙም አልዘለለችም። ብርዱ ወራት እየገባ ነው። ላም በአገሩ የለም። እግዜር ያውቃል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሦስታችንም አውቀናል።

ሴያባታ እንዳለው በአጨዳው ጊዜ መጣ። ወፍራም ብርድ ልብስ ገዝቶልኛል፤ ሳል ይዞታል፣ ጆሮውም ትንሽ ደንቁሯል። ከእናቱ ሁሉን ሰምቶ ነው የደረሰው። ማሽላ ከማጭድበት ዳር ተቀመጠና ሊኬሌሊን አያት። አየችው። ጣቱን ይዛ ወዳፏ ወሰደች።

«ይቺ እንኳን አንቺን፣ እኔንም ልትጠባ ነው» አለ።

«ሁሉንም ትሞክራለች።»

«ሴሎዋኔ፣ እናቴን አልተዋትም። አንቺንም አልተውም። ስለዚህ እንዋሽ።»

ዕቅዱን እዚያው ነገረኝ። ወተቱ ደረቀ እላለሁ። ደረቴን በጨርቅ ጠበቅ አድርጌ አስራለሁ። እናቴ አጋጣሚ እየፈለገች ልጅቷን ወደ ገደሉ ሥር ታመጣልኛለች፣ እዚያ ተሸሽጌ አጠባለሁ። ከሠርጉ በኋላ ደግሞ ሞዬቲ እስኪመለስ አክስቷ ታሳድጋት ብሎ እሱ ራሱ ያመጣታል፤ እናቱም እያደር ይለምዷታል።

«አንተ መቼ ነው ውሸት የተማርከው?» አልኩት።

«ከመሬት በታች። እዚያ ሌላ ሥራ የለም።»

እሺ አልኩ። ዋሽቼ አላውቅም፣ ችሎታውም የለኝም፤ ግን እሱን እወደው ነበር፣ ልጅቷም እንዳትሞት ፈለግሁ። ሁለቱንም ልይዝ ነበር። ሞኝነት እንዳትሉኝ፤ ማንም በኔ ቦታ ቢሆን ይሞክረዋል። ለማሴያባታ ደረቀ ብዬ ላክሁ። ሁለት ሳምንት እንደ ሌባ ገደል ሥር ተሸሽጌ አጠባሁ።

በጉ የሚመጣበት ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ብርዱም አጥንት የሚበሳ ነበር። የነሱ ሰዎች አሥር የሚሆኑ መጡ። እናቴ የማሽላ ጠላ ጠምቃለች። ወንዶቹ በበረቱ በኩል፣ ሴቶቹ ከኔ ጋር በግድግዳው ጥግ ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። በጉ ምሰሶው ላይ ታስሯል። ደረቴን እናቴ እንደ ማሽላ ነዶ ጥፍር አድርጋ አስራዋለች። ሊኬሌሊን ጎረቤት ወስደዋታል፤ ጠዋት አጥብቻት ስለነበር ትተኛለች ብለናል።

ማሴያባታ ጡቴን ሊያዩ አልጠየቁም። ቃሌን አምነው ነው የመጡት። ይሄ እስከዛሬ ይከነክነኛል። «ከስተሻል» አሉኝ፣ የራሳቸውን ጠላ ወደኔ እየገፉ። «ጠጪ። ምራቴ አጥንት እንድትሆን አልፈልግም።»

ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች።

ከጎረቤት ነው፤ ሩቅ አይደለም። መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ከዚያ እየጨመረች። ሴቶቹ ወሬያቸውን ቀጠሉ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ያጠባች ሴት ታውቀዋለች፤ ልጅ ሲያለቅስ ጡት ፈቃድ አይጠይቅም። ደረቴ ውስጥ እንደ መርፌ ወጋኝና ሙቀት ወረደ። ጨርቁን አለፈ። ሴያባታ የገዛልኝ አዲሱ ብርድ ልብስ ላይ ሁለት ጥቁር ክብ ወጣ፤ ሰፋ። ከጎኔ ያለችው የሱ አክስት ወሬዋን አቋረጠች።

ሴያባታ ለወንዶቹ ጠላ ሊቀዳ እኛ ጋ መጥቶ ቆሞ ነበር። ፊቴን አየ፣ ብርድ ልብሴን አየ። ምንም የማያስብ የሚመስል ሰው ነው እንጂ እንደሱ የፈጠነ አላየሁም። ተደናቀፈ። ማሰሮ ሙሉ ጠላ ከአንገቴ እስከ ጉልበቴ ደፋብኝ።

«ወይ ይሄ እጄ! ሙሽራዬን አጠብኳት!» ብሎ ጮኸ።

ሳቅ ሆነ። «ከሠርጉ በፊት ሰከርክ?» አለው አንዱ። «ተዉት፣ ወርቁ ነው ዓይኑን የጋረደው» አለ ሌላው። አክስቱም ሳቀች። ማሴያባታ እንኳ አፋቸውን በብርድ ልብስ ሸፈኑ። እኔ በጠላ ርሼ፣ ድኜ፣ መካከላቸው ተቀምጫለሁ። ሴያባታ ከላይ ሆኖ በዓይኑ፣ አለፈ፣ አለፈ ይለኛል።

ልጅቷ አላቆመችም። ለቅሶዋ ተቀየረ። ከመዳኗ በፊት የነበረው ያ የተዘጋ ድምፅ መጣ።

ትንሽ ብቆይ አትሞትም ነበር። ይሄን ብዙ ሰው ነግሮኛል፤ ራሴም አውቃለሁ። አንድ ሰዓት ብታለቅስ ምን ይሆናል? ግን ያኔ የታየኝ ይቺ አንዷ ሰዓት አይደለችም። ነገም አለ፣ ሠርጉም አለ፣ ከሠርጉ በኋላም እነዚህ ሴቶች በየቀኑ አሉ። አንድ ቀን በሽሽጉ አልደርስላትም። አንድ ቀን ደግሞ ስትጮህ እየሰማሁ ጠላ እቀዳለሁ። ያን ቀን እንደምለምደው ታወቀኝ። ተነሣሁ።

«ጠላ አይደለም» አልኩ።

ጎረቤት ገብቼ ልጅቷን ይዤ ተመለስኩ። እዚያው ማጥባት እችል ነበር፤ ግን የዋሸሁት እነሱ ፊት ስለሆነ እነሱ ፊት ተቀመጥኩ። ጨርቁን ፈትቼ አጎረስኳት። ዝም አለች። ስትውጥ ለሁሉም ይሰማል።

ማሴያባታ የሱረት ዕቃቸውን ወዳንገታቸው መለሱ፣ ብርድ ልብሳቸውን ቆለፉ። አልተሳደቡም። «ሴያባታ፣ በጉን ፍታ» አሉ። ፈታው። ቋጠሮው አስቸግሮት ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ ሁሉም ተከታትለው ሸንተረሩን ወጡ፤ በጉም ከኋላቸው።

በማግስቱ ምንጭ ላይ አገኘኝ።

«ደፍቼልሽ ነበር እኮ» አለኝ።

«አይቻለሁ።»

«ሁሉም አምነው ነበር።»

«አዎ።»

«ታዲያ?»

«እያለቀሰች ነበራ።»

ድንጋይ አንሥቶ ውሃ ውስጥ ጣለ። «እንሂድ» አለ። «አንቺ፣ እኔ፣ እሷ። በሜዳው በኩል ሥራ አይጠፋም። እናቴ ትቆጣለች፣ ይወጣላታል።»

እሺ ማለት እንዴት እንዳማረኝ እዚህ መጻፍ አልችልም። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«እናትህ ሦስት ቀብረዋል» አልኩት። «አራተኛው በእግሩ ቢሄድባቸው ያው ነው። እኔ የእህቴን ልጅ ላድን ብዬ የሰው እናት አልገድልም።»

«አንቺ ማን አደረገሽ፣ ለሁሉም የምትወስኚው?»

«ማንም።»

«ድንጋይ ነሽ።»

«ልሁን።»

ተቆጥቶ ሄደ። ቢሳደብ፣ ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ካሥር እርምጃ በኋላ ግን ዞር ብሎ፣ «ብርድ ልብሱን እንዳትመልሺ፤ ጠላ ጠላ ይሸታል» አለኝ። ከመታጠፊያው እስኪያልፍ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ቁጭ አልኩ። እናቴ ፈልጋ እስክትመጣ ድረስ እዚያው ነበርኩ።

በሚቀጥለው አጨዳ ሴያባታ ሌላ አገባ። ከወንዝ ማዶ የመጣች፣ ጥርሷ ያማረ ልጅ ናት። እናቴ አትሄጂም አለችኝ። ሄድኩ። ብቀር አልቅሳ ቀረች ይላሉ፤ ለማልቀስ ደግሞ የቤቴ ግድግዳ ይበቃኛል። ሊኬሌሊን አዝዬ፣ ብርድ ልብሴን ቆልፌ፣ ከሴቶቹ መካከል ተቀመጥኩ። ዘፈኑንም ዘፈንኩ። ሴያባታ አንድ ጊዜ አየኝ፤ እኔም አየሁት፤ ከዚያ ሁለታችንም ሙሽራዪቱን አየን።

ልጅቷ ስታስቸግረኝ ጊዜ አውርጄ አጠባኋት። ያኔም አላቆምኩም ነበር። ቀና ስል ማሴያባታ የበግ ጎድን በሳህን ይዘው ፊቴ ቆመዋል።

«ስንት ጥርስ አወጣች?» አሉኝ።

«ስድስት።»

«ትነክሳለች?»

«ትነክሳለች፣ እሜ።»

«ሴያባታም ይነክሰኝ ነበር።» ቀስ ብለው ከጎኔ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው ተንቋቋ። ልጅቷን ከእግሯ ጀምረው አዩዋት። ጭኗን ቆንጠጥ አደረጉ፣ እንደ ገበያ። ሊኬሌሊ ጡቴን ለቅቃ የሱረታቸውን ገመድ ያዘች።

«አምጪያት» አሉ። «በአንድ እጅ ሥጋ አይበላም።»

ሰጠኋቸው። ሳህኑን ጭኔ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ ያዝኩት። የቀረበልኝን ሁሉ፣ አጥንቱ እስኪነጣ ድረስ በላሁ።